ኬላ ያልያዘው ደብዳቤ

ቦንጋ ፖስታ ቤት ስሠራ የለመድኩት ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ደብዳቤ እጄ ሲገባ ከስሙ በፊት ማህተሙን ነው የማየው። የት ተመታ? መቼ ተመታ? የአንቷን ዳባዲንና የቻርልስ ቢክን ጠብ ሳነብም ዓይኔ የሄደው ወደ ቀኖቹ ነው።

ዳባዲ ፈረንሳዊ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሣዊ ቤት ሚስት ሲያመጣ፣ ዳባዲ ከሙሽራ አምጪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከፋ ውስጥ ቦንጋ ገባ። ከፋ ያኔ በጥልቅ ቦይና በኬላ የታጠረ አገር ነው፤ ባዕድ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አያልፍም። ሙሽራ ሊወስድ የመጣን ግን ማን ይመልሰዋል? ብልጠቱን አደንቃለሁ።

እንግሊዞች እሱንና ወንድሙን አርኖን የፈረንሳይ ሰላዮች ናቸው ብለው ይጠረጥሯቸው ነበር። ሰላይ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ በዚያ ዘመን አገር አጥኚውና ሰላዩ የሚሰበስቡት አንድ ዓይነት ነገር ነው እላለሁ፤ የተራራው ከፍታ፣ የገበያው ቀን፣ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ ንጉሡ ከማን ጋር እንደተጋባ። ዳባዲ ይህን ሁሉ ጽፎ አውሮፓ ላከ፤ ደብዳቤዎቹም እዚያ ታተሙ።

ቢክ እንግሊዛዊ ነው። ጎጃም፣ ባሶ ገበያ፣ ከደቡብ የሚወጡ ነጋዴዎችን መንገዱን እየጠየቀ መዝግቦ ነበር። የዳባዲን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀኑን ከቀን፣ ቦታውን ከቦታ አስተያየና በ1850 እ.ኤ.አ. «ይህ ሰው ከፋን አልረገጠም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ቢክ የሠራው በታተመ ወረቀት ላይ ነው፤ ደብዳቤ መጥለፍም አላስፈለገው። የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር ለራሱ ለቢክ የሸለመውን ሜዳልያ እንኳ በንዴት መለሰላቸው።

እኔ ብሆን አልፈርድም ነበር። ቴምብር ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ደብዳቤ በነጋዴ ጓዝ ተጠቅልሎ ምጽዋ ይወርዳል፣ ጸሐፊው ከጻፈው ቀን በቀር የሚመሰክር ማህተም የለውም። በጉዞው ጉዳይ ኋላ ላይ ታሪክ ለዳባዲ ፈርዷል። በዓባይ ግን ተሳስቷል፤ እሱ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ያለው ግቤ ወርዶ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

ለከፋ የበረታው ግን ዳባዲ ወደ ሮም የጻፈው ነው። ለዚህ አካባቢ ሚስዮናዊ ላኩ ብሎ አሳሰበ፤ በ1846 እ.ኤ.አ. ካቶሊካዊው ጳጳስ ማሳያ ተሾሙ፣ በ1859 ከፋ ገቡ፣ በ1861 ተባረሩ። የኬላ ዘበኞቹ ጳጳሱን ማስወጣት አላቃታቸውም፤ የጠራቸው ወረቀት ግን ከገበያተኛ ጋር ካለፈ ቆይቷል።