በረኪና

ባለፈው ዓመት በምሠራበት ባንክ የአንድ አስመጪ ሰነዶች ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ፡፡ የዋጋ ደረሰኙ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ዕቃው የተሠራበትን አገር የሚመሰክረው ወረቀት እንደ ወጉ ተደርድረዋል፡፡ ከሁሉም ኋላ ለክፍያው የማይጠየቅ፣ ማንም ያልፈለገው አንድ ጥራዝ ተያይዟል፡፡ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የደኅንነት መረጃ ሰነድ» እንደማለት ነው፡፡ በ16 ክፍሎች ተከፋፍሎ የአንድን ዕቃ ባሕርይ፣ ጉዳት፣ አያያዝና አወጋገድ ይዘረዝራል፡፡ የዕቃው ስም «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» ይላል፡፡ ኬሚስትሪን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ያልጎበኘሁ ሰው ነኝና ስሙ ምንም አልነገረኝም፡፡ በኋላዬ ያለፈ ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ አየና «በረኪና ነው እኮ!» ብሎኝ ሄደ፡፡

የዚያን ቀን ሥራዬ ዘገየ፡፡ ሰነዱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት፡፡

«በረኪና» የጣልያንኛው «ቫሬኪና» ነው፡፡ አደባባይ ማለት ከሆነው ከ«ፒያሳ» ጋር የአንድ ቋንቋ ልጆች ናቸው፡፡ አራዳ የቀደመው ስም ነው፤ በምኒልክ ዘመን ገበያው ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩም ሱቁን በዚያው ዙሪያ ተከለ፡፡ ጣልያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው የዛሬውን መርካቶ አቋቋሙ፤ አራዳን ለራሳቸው አስቀሩት፡፡ በአምስት ዓመቱ ተሸንፈው ሲወጡ ፒያሳ የሚለው ስም ቀረ፡፡ ከእርሱም ጋር ጎማው፣ ካንዴላው፣ ላቫጆው፣ ሳልሳው፣ አቸቶው ቀረ፡፡ የትኛው ቃል ከወረራው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደገባ ለመለየት አልደክምም፡፡ ዛሬ ሁሉም አማርኛ ናቸው፤ በአማርኛ እንገዛቸዋለን፣ በአማርኛ እንሰዳደብባቸዋለን፡፡

ጣልያንኛውም ቢሆን ቃሉን የተዋሰው ነው፡፡ ሥሩ «ቫሬክ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የባሕር አረም ነው፡፡ የባሕር አረም ተቃጥሎ ከአመዱ ለሳሙናና ለመስታወት የሚሆን ሶዳ ይወጣ ነበርና የአረሙ ስም በመጨረሻ ለልብስ ማንጪያው ፈሳሽ ተረፈ፡፡ ፈረንሳዮች ራሳቸው ደግሞ «የዣቬል ውኃ» ይሉታል፡፡ ዣቬል ቤርቶሌ የተባለው ሊቅ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ በክሎሪን የማንጣትን ዘዴ ካገኘ በኋላ ፈሳሹ የተመረተባት፣ ያኔ ከፓሪስ ውጭ የነበረች መንደር ናት፡፡ እንግዲህ አንዱ በአረም፣ ሌላው በመንደር ጠራው፡፡ «የሚያቃጥል» ብሎ የሰየመው የለም፡፡

በረኪና ሳይመጣ እናቶቻችን ነጭ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር፡፡ እንዶድም መርዝ አለበት፡፡ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ፤ በዓለም የታወቁበት ምርምር የተጀመረው በዚህ ነው፡፡ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው፡፡ እንዶድን የምትወቅጠው ሴት ፍሬውን ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደለቀመች ታውቃለች፤ በመድኃኒትነት ሲጠጣ ስንት ስንት እንደሚበቃ፣ ሲበዛም ምን እንደሚያደርግ ከእናቷ ሰምታለች፡፡ ዕቃውና ስለ ዕቃው የሚነገረው ነገር አብረው ነበር የሚወርዱት፡፡ በረኪና የመጣው ለብቻው ነው፡፡

ከዶሮ ማነቂያ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት፡፡ ባለሱቁ በረኪናውን ከቢጫ ጀሪካን እየቀዳ ይሸጥ ነበር፤ ጠርሙስ ይዞ መሄድ የገዢው ድርሻ ነው፡፡ ጠርሙሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሃይላንድ» ነበር፤ ያ የታሸገ ውኃ ከገበያ ወጥቶ እንኳ ስሙ ለባዶ ፕላስቲክ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፡፡ እንግዲህ «ውኃ» በሚል ጠርሙስ ውስጥ ውኃ የሚመስል ነገር ይቀመጣል ማለት ነው፡፡ እናቴ በጠርሙሱ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር፡፡ ክሩ በረኪናው እየነካው ስለሚነጣ በየጊዜው ትቀይረዋለች፡፡ በግቢያችን ከዚህ የበለጠ የአደጋ ምልክት አላየሁም፡፡

ክር ያላሰረች አንዲት ጎረቤት ነበረችን፡፡ የአምስት ዓመት ልጇ ከኳስ ጨዋታ ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ ጠርሙሱን አነሣና ጨለጠው፡፡ ጩኸቱን ሰምተን ሁላችንም ወጣን፡፡ አንዷ ወተት ይዛ መጣች፣ ሌላዋ እንቁላል መታች፡፡ በግቢው ከሁሉ የምትከበረው ባልቴት ልጁን አቅፋ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተችና አስመለሰችው፡፡ ከዚያ በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፡፡ ተረፈ፡፡ ለረዥም ጊዜ ግን ትኩስ ነገር መዋጥ አልሆነለትም፤ ድምፁም እንደ ትልቅ ሰው ጎርንኖ ቀረ፡፡ ባልቴቲቱ እስከ ዕለተ ሞቷ «ያንን ልጅ ያተረፈች» ስትባል ኖራለች፡፡

ከሰነዱ 16 ክፍሎች አራተኛው የመጀመሪያ ርዳታ ነው፡፡ ጠጥቶ ከሆነ አፉን በውኃ አጉመጥምጡት፣ እንዲያስመልስ ግን አታድርጉ ይላል፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለ ሲመለስም ያንኑ መንገድ ያቃጥላል፡፡ ይህችን አንዲት መስመር በባንክ ወንበር ላይ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ፣ ያውም በአጋጣሚ አነበብኋት፡፡ ባልቴቲቱ ብትኖር ኖሮ እነግራት ነበር ወይ? አልነግራትም፡፡

ዐሥረኛው ክፍል ከምን ጋር መቀላቀል እንደሌለበት ይናገራል፡፡ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፡፡ አቸቶ አሲድ ነው፡፡ ሁለቱ የጣልያን ቃላት ጎን ለጎን በአንድ መደርደሪያ ላይ ሰማንያ ዓመት ያህል ተቀምጠዋል፤ ቆሻሻው አልለቅ ያላት ሴት ሁለቱን ደባልቃ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልታፈሳቸው ትችላለች፡፡ ያ ጋዝ ደግሞ ታሪክ አለው፡፡ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ኢፕር በተባለች የቤልጅግ ከተማ አጠገብ በጠላቶቻቸው ምሽግ ላይ የለቀቁት ይኸው ክሎሪን ነበር፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ አጠገብ የባሰውን አመጡ፡፡ እንግሊዞች በሽታው የሰናፍጭ ጋዝ አሉት፤ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ግን በከተማዋ ስም ጠሩት፡፡ ኢፔሪት፡፡

አንባቢ ሆይ፣ ከበረኪና ተነሥቼ እዚህ መድረሴ የተጎተተ ሊመስልህ ይችላል፡፡ እኔ ግን ወረቀቱን ሳነብ ከልጁ ቀጥሎ ትዝ ያሉኝ የተከዜ ሰዎች ናቸው፡፡

በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው ውል እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ ሲፈረም ጣልያን ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች፡፡ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቿ በልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ ተከዜ አካባቢ ኢፔሪት ጣሉ፡፡ ራስ እምሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ መሰከሩት፣ የወደቁት ነገሮች ሰዉ የለመዳቸው ቦምቦች አልነበሩም፤ መሬትና ውኃ እንደነኩ የሚሰበሩ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጩ መያዣዎች ነበሩ፡፡ ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው አብጦ ተላጠ፡፡ በቃጠሎ ውስጥ ሆነው ከወንዙ የጠጡም ነበሩ፤ ወንዙ ተመርዟል፡፡ የጦር አለቆቹ ከበው ምን እናድርግ ቢሏቸው ራስ እምሩ የሚመልሱት አጡ፡፡ በጥይትና በመድፍ ፊት ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ መኳንንት ነበሩ፡፡ ለዚህኛው ግን ስም እንኳ አልነበራቸውም፡፡

በሌላው ወገን ስሙም፣ ቁጥሩም፣ ክብደቱም በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር፡፡ ሲ 500 ቲ የሚባለው የአውሮፕላን ቦምብ 212 ኪሎ ያህል ኢፔሪት ይይዝ ነበር፡፡ የዚያ ዘመን ሠራዊቶች በኢፔሪት የተበከለን ነገር የሚያመክኑት ክሎሪን ባለበት ኖራ ነበር፤ ይህም የበረኪና የሥጋ ዘመድ ነው፡፡ በ1931 ዓ.ም. በመንዝ አካባቢ ዘረት በሚባለው ዋሻ ውስጥ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ተከበው በዚሁ ጋዝ ሲጠቁ፣ ሥራው የተሰጠው ለአንድ የኬሚካል ጓድ ነበር፡፡ ጓዱ ዕቃውን እንዴት መያዝ እንዳለበት የሠለጠነ ነው፡፡ ዋሻው ውስጥ የነበሩት እናቶች በምን አወቁ?

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩ፤ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ስለሚወርደው መርዝ፣ ስለ ሰዉም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ወንዙም በዝርዝር አስረዱ፡፡ ጣልያን ግን ለረዥም ዘመን አልፈጸምሁም አለች፡፡ የመከላከያ ሚኒስቴሯ ነገሩን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፡፡ በዚያ መርዝ ላይ መለያው የተለጠፈው በስድሳ ዓመቱ መሆኑ ነው፡፡

ዛሬ ዓለም አቀፍ ሥርዓት አለ፡፡ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያጸደቁት ሲሆን፣ ኬሚካሎችን ሁሉ በየጉዳታቸው መድቦ ቀይ ጠርዝ ባላቸው ዘጠኝ ምልክቶች ይለያቸዋል፡፡ ነበልባል አለ፤ እጅና ብረት የሚበላ ፈሳሽ አለ፤ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ አለ (የዓድዋ ቀንድ አውጣዎች ቢታከሉበት ባልከፋ)፤ የራስ ቅልም አለ፡፡ ሥዕል ስለሆነ ሁሉ ሰው ያነበዋል ተብሎ ይታሰባል፡፡ እኔ ይህን እጠራጠራለሁ፡፡ በአብያተ ክርስቲያናታችን የስቅለት ሥዕሎች ላይ የራስ ቅል ከመስቀሉ ግርጌ ይታያል፤ የአዳም ነው፣ የጌታ ደም ይፈስበታል፡፡ ጊዮርጊስን ስትሳለም ላረጀች የአራዳ እናት የራስ ቅል የመዳን ምልክት እንጂ የመርዝ አይደለም፡፡

ቃላቱም እንዲሁ ያስቸግራሉ፡፡ ሥርዓቱ ሁለት የማንቂያ ቃላት አሉት፤ አንዱ ለከባዱ ጉዳት፣ አንዱ ለቀለል ያለው፡፡ ለከባዱ «አደጋ»፣ ለቀላሉ «ማስጠንቀቂያ» ብንል ትርጉሙ ትክክል ነው፡፡ በአማርኛ ግን አደጋ ብዙውን ጊዜ የደረሰ ነገር ነው፤ መኪና ሲገለበጥ አደጋ ደረሰ እንላለን፡፡ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሥራ ያረፈደ ሰው ፋይል ውስጥ የሚገባ ደብዳቤ ነው፤ እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የምፈራው እሱን ነው፡፡

ያደግሁበት ግቢ አሁን የለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ፤ እኛም ጎረቤቶቻችንም በከተማዋ ዳር ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተንን፡፡ እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ዛሬም ቀይ ክር ታስራለች፡፡ ከሕንፃው ሥር ያለው ሱቅም ከጀሪካን ይቀዳል፡፡ አንዳንድ ፋብሪካዎች ከልጆች አርቁ የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ያትማሉ፤ ከጀሪካን ሲቀዳ ግን ጽሑፉ ጀሪካኑ ላይ ይቀራል፡፡ ዐሥራ ስድስት ክፍሎች ያሉት ወረቀት ደግሞ ከዚያም በፊት ከባንክና ከጉምሩክ መዝገብ ቤት አልወጣም፡፡

ሦስት ምሽት ወስጄ አራተኛውን ክፍልና ከዐሥረኛው አንድ ሐረግ ወደ አማርኛ መለስሁ፡፡ ግጥም እንዲህ አስቸግሮኝ አያውቅም፡፡ «አሲድ» የሚለውን «አቸቶ» አልሁት፤ ተርጓሚ ይፈርድብኝ፡፡ አምስት መስመር ሆነ፡፡ በእስክሪብቶ ጽፌ ለባለሱቁ ሰጠሁት፡፡

«ወንድሜ፣ የምን ማስታወቂያ ነው?» አለኝ፡፡ ነገርሁት፡፡ «ሰው ፈርቶ መግዛት ቢተውስ?» አለና ጥቂት አስቦ ጀሪካኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፡፡

ከሳምንት በኋላ ሳልፍ አየሁት፡፡ በረኪናው እየተንጠባጠበበት ቀለሙን አንጥቶታል፤ እንዲያስመልስ አታድርጉ የሚለው መስመር ከነጭራሹ ጠፍቷል፡፡ ባለሱቁ ከደብተሩ ሌላ ቅጠል ቀደደልኝ፡፡ በዚህ ጊዜ በእርሳስ ጻፍሁት፡፡ እርሳስን በረኪና አያነጣውም፡፡