ሌሊት ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ገባ?

በ2012 ሰኔ ላይ በአሜሪካ የብዙ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍላቸውን በጨረቃ፣ በከዋክብት፣ በጉጉትና በሌሊት ወፍ ሥዕል አስጊጠው ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ የሚጀመረው የበጋ ንባብ የዚያ ዓመት መሪ ሐሳቡ ሌሊት ነበር። ለሕፃናቱ የወጣው መፈክር በትልቁ አልመው እንዲያነቡ የሚጋብዝ ሲሆን፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉት ደግሞ ሌሊቱ የእነሱ መሆኑን ያውጃል። ልጆችን በጊዜ ወደ ቤታቸው መሸኘት የለመደ ተቋም ሌሊትን በክብር እንግድነት ለመጥራት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ነገሩ የተጀመረው ከሌሊትም ከሕልምም ርቆ፣ በንጽሕና ጉዳይ ነው። በ1897 በኦሃዮ ግዛት የክሊቭላንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልጆችን በማኅበር አደራጀ። አባላቱ መጽሐፍ እንዳይቀደድና እንዳይቆሽሽ ቃል ይገባሉ፤ መፈክራቸውም ንጹሕ ልብ፣ ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ መጽሐፍ የሚል ነበር። ከሥራው ጀርባ የነበረችው ሊንዳ ኢስትማን ኋላ የዚያው ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ሆናለች። በዚያው ዘመን በፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ሌላ መንገድ ያዘ። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ ወደ መጫወቻ ሜዳ እንደሚበተኑ አይቶ፣ መጻሕፍቱን ይዞ እዚያው ድረስ ተከተላቸው።

የጨለማ ጥላ መጀመሪያ የታየው በኒው ዮርክ ነው። ከ1906 ጀምሮ የከተማዋን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሥራ የመራችው አን ካሮል ሙር ለተረት ሰዓት የራሱ ሥርዓት አበጀችለት። ተረቱ ሲጀመር ሻማ ይበራል፤ ሲያልቅ አንድ ልጅ በልቡ አንድ ነገር ተመኝቶ እፍ ብሎ ያጠፋዋል። በ1921 እዚያው የተቀጠረችው ፖርቶ ሪኳዊቷ ፑራ ቤልፕሬ ደግሞ የአገሯን ተረቶች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ለስደተኛ ልጆች ትተርክ ጀመር።

ይሁንና በር የሚከፍተው እጅ በር መዝጋትም ያውቅ ነበር። ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን በ1947 ያሳተመችው፣ አንዲት ጥንቸል ከመተኛቷ በፊት በክፍሏ ያለውን ሁሉ ደህና እደር የምትልበት መጽሐፍ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤቶች የመኝታ ሰዓት ምልክት ሆኗል። ሙር ግን አልወደደችውም። ጡረታ የወጣች ብትሆንም ቃሏ ገና ይከበር ስለነበር መጽሐፉ ኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የወጣው በ1972 ነው። በልጆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስመ ጥር የሆነው የሌሊት መጽሐፍ ሃያ አምስት ዓመት ደጅ ጠንቷል ማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ የበጋ ንባብ ቁጥር የመደርደር ሥራ ነበር፦ ስንት መጽሐፍ ተነበበ፣ ማን ቀደመ፣ ማን የምስክር ወረቀት ወሰደ። የዕረፍት ጊዜ ንባብ በእርግጥ ጥቅም እንዳለው ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዋ ባርባራ ሄይንስ ናት። በአትላንታ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተከታትላ በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በዕረፍቱ ወራት ብዙ ያነበቡ ልጆች በትምህርታቸው እንደሚገፉ አሳየች። ከሕዝብ ተቋማትም በበጋ ለልጆች እውቀት የቤተ መጻሕፍትን ያህል ያገዘ እንደሌለ ጻፈች።

ሌሊት መሪ ሐሳብ እስኪሆን ድረስ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ እሱም ኅብረት ነው። በ1987 በሚኒሶታ አሥር የክልል ቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፖስተሩንም መመሪያውንም ሽልማቱንም በየራሳቸው ከማዘጋጀት ተባብረው ለመሥራት ተስማሙ። ቀስ በቀስ ሌሎች ግዛቶች ተቀላቀሏቸውና ኅብረቱ አገር አቀፍ ሆነ። መሪ ሐሳቡ አስቀድሞ ይመረጣል፣ ሥዕሉ ይሣላል፣ የሥራ ሐሳቦችን የያዘ ወፍራም መመሪያ ይሰራጫል። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያላት የገጠር ቤተ መጻሕፍትም ከትልቅ ከተማ እኩል ድግስ ማሰናዳት የቻለችው በዚህ መንገድ ነው። በ2010 ውኃ፣ በ2011 የዓለም ሕዝቦች ተረት፣ በ2012 ሌሊት፣ በ2013 የምድር ከርስ ተራቸውን ይዘው መጡ።

ሌሊት ለአዘጋጆች የተመቸው ሁሉንም ስለሚሸከም ነው። ሳይንስ አለው፣ ፍርሃት አለው፣ ሕልም አለው፣ ተረት አለው። ለትንንሾቹ ልጆች የተለመደው ዝግጅት ፒጃማ ለብሰው የሚመጡበት የምሽት ተረት ነው። ሌላው የአሻንጉሊቶች አዳር ነው፦ ልጁ የጨርቅ ድቡን ትቶ ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ አሻንጉሊቶቹ ሌሊቱን መደርደሪያ ሲበረብሩና መጽሐፍ ሲያነቡ የሚያሳይ ፎቶ ያነሣሉ፤ በማግሥቱ ልጁ ድቡን፣ ፎቶውንና ድቡ «የመረጠለትን» መጽሐፍ ይወስዳል። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የጃፓን ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከአዳሩ በኋላ ሕፃናቱ ለአሻንጉሊቶቻቸው መጽሐፍ ማንበብ መጀመራቸውን አረጋግጠዋል። ውጤቱ በቀናት ውስጥ ደብዝዞ፣ ልጆቹ አዳሩን እንዲያስታውሱ ሲደረግ ተመልሷል።

ታዳጊዎቹ ግን በድብ አይሸነገሉም። በ2012 እጃቸው ላይ የነበረው የእስቴፋኒ ማየርን የ2005 ልብ ወለድ ተከትሎ የጎረፈው የቫምፓየር ታሪክ ነው፤ የሌሊቱ መሪ ሐሳብም ከዚህ ጋር ገጠመ። ቤተ መጻሕፍቱ ለሕዝብ ከተዘጋ በኋላ ለእነሱ ብቻ የሚከፈትበት ምሽት፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ማንበብ፣ በጨለማ መደርደሪያዎች መካከል የምሥጢር ፍለጋ ጨዋታ ተዘጋጀ። ይህ ከወላጅ የፈቃድ ወረቀት፣ ከበቂ ጠባቂ አዋቂና ከሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ አይሆንም። ሰዓቱ ግን ለዕድሜያቸው የተስማማ ነው፤ በጉርምስና የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት ይዘገያል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ትልቁ እንቅፋት ራሷ ፀሐይ ናት። በሰሜኑ ግዛቶች በሰኔና በሐምሌ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ፤ በአላስካዋ ፌርባንክስማ በሰኔ አጋማሽ ሰማዩ ጭራሽ አይጨልምም። ስለዚህ አንዳንዱ መስኮት ጋርዶ ጨለማ ይፈጥራል፣ ሌላው የተወርዋሪ ከዋክብት ትርዒት የሚደምቅበትን ነሐሴን ይጠብቃል። በ2008 የኒው ሃምፕሸር የሥነ ፈለክ ማኅበር ሌላ መላ አመጣ፤ ትንንሽ ቴሌስኮፖችን ለቤተ መጻሕፍት ሰጠና ማንኛውም ተበዳሪ እንደ መጽሐፍ ፈርሞ ቤቱ ይወስዳቸው ጀመር። በ2019 ደግሞ ሰው ጨረቃን የረገጠበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ሕዋ የበጋው መሪ ሐሳብ ሆነ።

ይህ ታሪክ ወደ አዲስ አበባም የሚወስድ መንገድ አለው። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሚሠሩበት ቦታ ለሐበሻ ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው፣ ራሳቸው የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2003ም ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። የእኛ አገር የትምህርት ዕረፍት በክረምት ስለሚውል ኮከብ ለመቁጠር ደመናው አይፈቅድም፤ ለምሽት ተረት ግን ከዝናብ ጊዜ የሚሻል የለም።

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት የበጋ ንባብ ምዝገባ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። በግንቦት መጨረሻ ሄዳችሁ የምሽት ዝግጅት መኖሩን፣ ልጃችሁ በአማርኛ የሚያነበው መጽሐፍ ይቆጠርለት እንደሆነም ጠይቁ። መደርደሪያው ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ካላገኛችሁ እንዲገዛ አመልክቱ፤ ጥያቄ ያልቀረበበት ቋንቋ በግዢ ዝርዝር ውስጥ ላይገባ ይችላል።