የመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ጥሪ

የታተመ ሰነድ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ አዲስ አበባ

ኮሚሽኑ የተቋቋመው የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. ነው። ይህን ጥሪ ለለጋሽ አገሮች ያቀረቡት ኮሚሽነር ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት የጦር መኮንን፣ የሕግ ባለሙያና የኤርትራ አስተዳዳሪ ነበሩ።

ቁጥሮቹን ልብ ብለው ያንብቡ። የጎደለው እህል 900,000 ቶን ያህል ነበር፤ የተጠየቀው ግን 450,000 ቶን ብቻ ነው። ወደቡ፣ መኪናውና መንገዱ ከዚያ በላይ አይችሉም ተብሎ ነበር። ግማሹን መጠየቅ የሐቀኛ ባለሙያ ስሌት ነው፤ ለጋሾቹ ግን ያንንም አልሰጡም። የደርግ መንግሥትም በእነዚያው ወራት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብተኞች ሲያሳይ ነው። እስከዚያ ሰባት ወር አልፏል፤ ለተራበ ሰው ሰባት ወር ብዙ ነው።

ረሃቡ ለጎጃም የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ ከመርጡለ ማርያም ዓባይን የተሻገረ ሰው ወሎ ይገባል። ከወሎ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችም በሰፈራ ወደ ፓዌ፣ በያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ተወስደዋል።

ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ሥልጣናቸውን ትተው በስደት ቀሩ፤ በ1989 ደግሞ ስለ ረሃቡና ስለ ደርግ መጽሐፍ አሳተሙ።