ቁጥሩ ያልነገረን ፍጥነት

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪ የሚመዘነው ዳዊቱን አፍጥኖ በመድገሙ ሳይሆን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ በማሳረሙ ነው፤ መመዘኛው ራሱ ሥራው ነው። የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ግን እንዲህ አልተመዘኑም። በ1977 እ.ኤ.አ. ራግ እና ፌልድማን በ«ኪሎባውድ» መጽሔት ካወጧቸው ሰባት የቤዚክ ፈተናዎች የመጀመሪያው ከ1 እስከ 1000 ከመቁጠር ሌላ ሥራ አልነበረውም። በ1981 «ባይት» መጽሔት ያቀረበው የኤራቶስቴንስ ወንፊት ደግሞ ማሽኑ 1,899 ብቸኛ ቁጥሮችን በስንት ሰከንድ እንደሚያገኝ ይለካ ነበር።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። የአይቢኤም ፒሲ የሲጂኤ ማሳያ ካርድ በጽሑፍ ስልት የሚያውቀው 256 ምልክቶችን ብቻ ሲሆን የግእዝ ፊደል ከነዚህ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ፊደሉን በሥዕል ስልት ነጥብ በነጥብ መሣል ግድ ነበር፤ ለላቲኑ «ኤ» 2 ባይት ሲበቃ ለ«ሀ» ቢያንስ 8 ባይት ይጻፋል። ወንፊቱ ይህን ድካም አይቆጥረውም።

«የጋራ መለኪያ ከሌለ ገዢ በሻጭ አፍ ይታለላል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የ1 ሜጋኸርዝ አፕል 2 ከ4 ሜጋኸርዝ ዜድ80 ማሽን አራት እጥፍ እንደማይዘገይ ያጋለጡት እነዚሁ ፈተናዎች ናቸው። ነገር ግን በ1984 የመጣውን ድራይስቶን የተባለ ፈተና ብልጥ ኮምፓይለሮች ከፊሉን ሥራ እየዘለሉ አሸንፈውታል። ፈተና የሚመሰክረው ስለተፈተነው ሥራ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር የሚገዛም በራሱ ሥራ ይፈትነው።