አጭሩ መንገድና ለሴት የተያዘው ወንበር

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ሳለ፣ አንዲት የጀሞ እኅታችን ጥያቄ አነሳች። ልጇ በባዮሎጂ ዲግሪዋን ከያዘች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሥራ ግን የለም። «ዲግሪ ላላቸው በአጭር ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት ነበር አሉ፤ እውነት ነው? ለሴትስ የተያዘ ቦታ አለው?» አለች። ከወዲያ ጥግ አንዷ «በኮታ የገባች ሐኪም ማን ያምናታል?» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ነርስነትን በዲፕሎማ ተምሬ ዕድሜዬን በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የጨረስኩ ነኝና ነገሩ ይመለከተኛል። ያን ቀን በቅጡ ያልመለስኩትን እዚህ ልጽፈው ነው።

አጭር መንገድ በአገራችን የትናንት ፈጠራ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ውጭ አገር ይላካል፤ የሚመለሰውም በጣት የሚቆጠር ነው። ኮሌጁ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከጎንደር አጠገብ በደምቢያ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር። እንግዲህ ስድስትና ሰባት ዓመት የሚማር ሐኪም ማን ይጠብቃል? መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ግቢ ማሠልጠን ጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው አንድ ጤና ጣቢያ እንዲያንቀሳቅሱ ነበር ሐሳቡ። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያያል፣ ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትይዛለች። ሳኒቴሪያኑ ውኃና መጸዳጃ ያያል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የነርሷን ወንበር ያለ ምንም ክርክር ለሴት ሰጧት። የአለቃው ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር። ከጎንደር ጤና መኮንኖች መካከል በኋላ ትምህርታቸውን ቀጥለው ሐኪም የሆኑ አሉ፤ ከነርስነት ወደ ሐኪምነት የሚያወጣው መሰላል ግን ሩቅ ነበር። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈትም ይህ ብዙ አልተለወጠም። ጎንደር በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሕክምና ኮሌጅ ሆነ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናውም ተቋርጦ ቆይቶ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ተጀመረ።

አሁን ወደ ኮታው ልምጣ፤ ሳቁ የነበረው እሱ ላይ ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወረሱት የበታችነት እንዲወጡ ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ይህ በተግባር የታየው የሴቶችን የመቁረጫ ነጥብ ከወንዶቹ ጥቂት ዝቅ በማድረግ ነው። ቄራ አካባቢ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጉሊት የምትቀመጠውን ልጅ፣ ሃና ማርያም ጄሪካን ተሸክማ ውኃ የምትጠብቀውን ልጅ ስታዩ ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ደግሞ ነጥቡ ዝቅ የሚለው በሩ ላይ ብቻ ነው። ከገባች በኋላ ፈተናው ያው፣ አስከሬን ክፍሉ ያው፣ የሌሊት ተረኝነቱም ያው ነው። በኮታ ተመርቃ የወጣች ሐኪም የለችም፤ በኮታ የገባች እንጂ።

ከሁሉ ትልቁ የሴቶች ወንበር የተዘረጋው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። እዚያ ኮታ ማለት ጥቂት መቶኛ አልነበረም፤ ከአርብቶ አደር አካባቢዎች በቀር ቦታው በሙሉ የሴት ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር፣ እዚያው ቀበሌ የምትኖር ልጅ ተመርጣ አንድ ዓመት ሠልጥና ትመለሳለች፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በለጠ። በዓለም ጤና ስብሰባዎች ላይ የኢትዮጵያ ስም በበጎ እንዲነሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የእነዚህ ልጆች እግር ነው።

ወደ ከተማ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ዲፕሎማ ያለን ነርሶች ተወስደን የሦስት ወር ሥልጠና ጨመርንበት። እኔም ቦርሳዬን አንግቼ ከላፍቶ እስከ ለቡ የግቢ በር አንኳኩቻለሁ። ውሻ ለቀውብኝ ያውቃሉ፤ ቡና አፍልተውልኝም ያውቃሉ። ሥራውን ወደድኩት። ዲግሪ በማታ ልማር ፈቃድ ስጠይቅ ግን የምሠራበት ቦታ አለቃ «አንቺ ከሄድሽ ቤት ለቤት ማን ይዞራል?» አለኝ። ለሴት የተያዘ ወንበር አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ መቀመጥ ይፈቀዳል፣ መነሳት አይፈቀድም። እርግጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ደረጃ 4 የሚያድጉበት ሥልጠና በኋላ ተከፍቷል፤ ይህ ሳይመሰገን አይታለፍም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕድል አምልጦኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት 5,000 ጤና መኮንኖችን በፍጥነት ለማድረስ የተፋጠነ ሥልጠና ጀምሮ ነበር። አምስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና መቀሌ ተማሪውን ይቀበላሉ፤ ተግባሩን በየአካባቢው ሆስፒታሎች ይማራል። በዲፕሎማ ያገለገሉ ነርሶችም ይገቡበት ነበር። አብረውኝ የሠሩ ወንዶች ሻንጣቸውን አንስተው ሄዱ። የእኔ የመጨረሻ ልጅ ጡት አልጣለም ነበር። ልብ በሉ፣ ማንም አልከለከለኝም፤ በሩ ክፍት ነበር። ሕፃን አቅፋ ለምትመጣ ግን ማደሪያ አልታሰበም።

የጀሞዋ እኅታችን የሰማችው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረውን አዲሱን የሕክምና ትምህርት ነው። በአንድ ጊዜ 13 ትምህርት ቤቶች ጀመሩት። በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያለውን ሰው ተቀብሎ፣ ያወቀውን ሳይደግምበት፣ ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ሐኪም ማድረግ ነው። ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ሐኪም የሚሆነው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም መጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና ይማራል። በእንግሊዝና በአውስትራሊያም ተመሳሳይ መንገድ አለ። የእኛ ችግር ጥድፊያው ነበር። መምህሩ ሳይበዛ ተማሪው በዛ፤ በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ነጭ ጋወን ተጨናነቀ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተመርቀው ምደባ ሲጠብቁ የከረሙ ሐኪሞች አይተናል። ለእናትየው ይህንንም ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ። ሌላም አለ፤ መግቢያው የሳይንስ ዲግሪ ከሆነ፣ በሳይንስ ክፍል ውስጥ ሴቶች ጥቂት በሆኑበት አገር፣ የተያዘ ወንበር ቢኖር እንኳ የሚቀመጥበት ይጠፋል። ወንበሩ መያዝ ያለበት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው ባይ ነኝ።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በነፋስ ከሚሄደው ስልክ ነው፤ እኛ ግን የምዝገባ ማስታወቂያ የምንሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከትምህርት መደገፊያ ሣጥናችን ጥቂቷ ለመግቢያ ፈተና፣ ለትራንስፖርትና ለሰነድ ማረጋገጫ ወጪ ትለይ። ሁለተኛ፣ ልትማር የሄደች እናት ልጇን የሚይዝላት ሰው በተራ እንመድብ፤ ደጋፊዎቻችንም በዚህኛው ቢያግዙን ደስ ይለኛል፣ ከመጽሐፍ ይልቅ እሱ ነው የሚያስቀረን። የጀሞዋ ልጅ ሰኞ ጠዋት ቤቴ ትመጣለች፤ የትምህርት ማስረጃዋን ከነኮፒው ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።