እምቦጭን በመድኃኒት ብንረጨውስ?

ሰሞኑን ቡሬ ዙሪያ ከአንድ አባት ጋር በቆሎ ማሳቸው ዳር ቆመን ስናወራ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አረሙን በሳምንት የሚያደርቅ መድኃኒት እያለ ጣና ላይ ሰው ለምን በእጁ ይነቅላል? ረጭቶ መገላገል አይሻልም?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ነው። መልሱ ታሪኩ ውስጥ ስላለ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰው ወደ ሌላው ዓለም ወሰደው። በአገራችን መኖሩ የታወቀው እንደ ፈረንጆች በ1965 ገደማ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ነው። ጣና ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ታየ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

መርጨትን ከእኛ በፊት የሞከረችው ጎረቤታችን ሱዳን ናት። እንደ ፈረንጆች በ1950ዎቹ መጨረሻ ነጭ ዓባይን እምቦጭ ሲወረው፣ ለብዙ ዓመታት ቱፎርዲ ተረጨበት። ቱፎርዲ ማለት እናንተ ጤፍና ስንዴ ውስጥ ያለውን ቅጠለ ሰፊ አረም የምትመቱበት ያው መድኃኒት ነው። የተረጨው ይደርቃል። ያልተነካው ቁራጭ ግን መልሶ ይባዛል፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀው ዘርም እስከ 20 ዓመት ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ መርጨት፣ በየዓመቱ ወጪ ሆነ፤ እምቦጩም አልጠፋም። በኋላ ሱዳኖች እምቦጭ የሚበላ ጢንዚዛ ወደ ማስገባት ዞሩ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም ኡጋንዳ ከ1995፣ ኬንያ ከ1997 ጀምሮ ይህን ጢንዚዛ ለቀዋል። በጥቂት ዓመታት እምቦጩ በጣም ቀንሶ ነበር፤ ተመልሶ የመጣበት ጊዜም አለ።

የመድኃኒቱ ጉዳት ግን ከወጪ በላይ ነው። ሰፊ እምቦጭ በአንድ ጊዜ ሲሞት ውኃ ውስጥ ሰምጦ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በሌላ በኩል፣ ለማሳ ተብሎ የሚሸጠው ራውንድአፕ (ግላይፎሴት) ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይጨመርበታል፤ ዓሣና እንቁራሪትን አብዝቶ የሚጎዳው ይሄ ነው። በሌላ አገር ለውኃ ተብለው የተዘጋጁ ፀረ አረሞች አሉ። እነሱም ቢሆኑ በባለሙያ፣ ውኃውን ከፋፍለው ነው የሚረጩት።

የሰው ጤናስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንደ ፈረንጆች ግላይፎሴትን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው፣ ቱፎርዲን ደግሞ «ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው መደበ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ግላይፎሴት በመመሪያው መሠረት ከተሠራበት ካንሰር ያመጣል ብሎ አያምንም። ክርክሩ አላለቀም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያልተስማሙበትን ነገር ሰው ከሚጠጣው ሐይቅ ውስጥ መጨመር ትልቅ ድፍረት ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦችም አሉበት። ስለዚህ ነው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ሳይቀር ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ የነቀለው። አድካሚ ነው፤ ግን የተነቀለው ከውኃው ወጥቶ ይደርቃል፣ ውስጥ አይበሰብስም።

«ጣና ከእኛ ሩቅ ነው» እንዳትሉ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነስቶ ጣና ይገባል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ ወንዞች፣ ብርና ፈጣምም፣ ዓባይን ይቀላቀላሉ። ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። ስለዚህ አደራ፦

- መርጫችሁን ወንዝ ወይም ምንጭ ውስጥ አትጠቡ። እጣቢውን የረጫችሁት ማሳ ላይ መልሱት።
- የመስኖ ቦይና ኩሬ ውስጥ ያለ አረም ላይ የማሳ መድኃኒት አትርጩ። በእጅ ወይም በማጭድ አውጡት።
- ባዶውን ጠርሙስ ለውኃ መቅጃ አታድርጉት።
- እምቦጭ የመሰለ ተክል ውኃ ላይ ካያችሁ ከነሥሩ ነቅላችሁ ከውኃው ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያም ቶሎ ንገሩ።

ለአባታችን የመለስኩት ይሄንን ነው። ትንሽ ዝም ብለው ፈጣምን አዩና «እኔኮ መርጫዬን እዚያ ነበር የማጥበው» አሉ። ከእንግዲህ ማሳቸው ላይ ያጥባሉ። እናንተስ የት ነው የምታጥቡት?