ከአንቺም ሜዳ እስከ ፓራግላይደር፦ ለተማሪዬ ያላስተማርኩት ግማሽ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንበሳሜ ሳለሁ ያስተማርኩት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። ግቢያቸው ውስጥ ሰፊ ሰማያዊ ሸራ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩ በእጅ ተሰፍቷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ሲባጎ ታስሯል። «ጋሼ፣ ፓራግላይደር እየሠራሁ ነው። በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ነው የሰፋሁት። የቀረኝ ጠንካራ ገመድ ብቻ ነው። ከሰፈራችን በላይ ካለው ገደል ላይ እሞክረዋለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ እኛ አገር አይደል? እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» ይላል። የገመድ መግዣ እንድልክለትም ጠይቆኛል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። «ጎበዝ!» ብዬ ጻፍኩለት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ እኮ እውነቱን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ስላለው ጋፋት ሳስተምር ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራው ስለ ድፍረቱ ነበር። ከድፍረት በፊት ስለሚመጣው ጥንቃቄ፣ ሞክረው ስለወደቁት ሰዎችም ብዙ አላልኩም። ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሰጠሁት። ይኸው ዛሬ የቀረውን ግማሽ ልክፈል። ለእሱ ብዬ ብጀምረውም ለሁላችሁም ይሆናል ብዬ እዚህ ለጠፍኩት።

በአየር መሄድ ለእኛ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ በአየር የሚሄድ መጓጓዣ እንደሰጣት ይተርካል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ተበጥሶ ስድስት ክንፍ እንደተሰጣቸው በገድላቸው ይነገራል። ልብ በሉ፤ በዚህ ትውፊት ክንፉ የመጣው ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ ነው። ይህ ለጻድቃን ነው። እኔና አንተ ግን ገመዱን ከመበጠሱ በፊት ነው ማየት ያለብን።

ወደ ዘመናዊው ታሪክ እንምጣ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ስሪት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያሳረፈው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ አውሮፕላን የእኛን አገር ሰው «ጎበኘ»። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦር ሲያስከትቱ፣ የማዕከላዊውን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። አውሮፕላኖቹ መጀመሪያ የበተኑት ወረቀት ነበር፤ ራሱንና የሚከተላቸውን የሚያወግዝ አዋጅ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ አንቺም ሜዳ ላይ ውጊያው ሲጀመር ደግሞ ቦምብ ጣሉ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

እስቲ ያንን ገበሬ አስቡት። ጋሻና ጠመንጃ ይዞ ከቀየው ወጥቷል። ከሰማይ የመጣበት ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ከዚያ ወዲህ ትውልድ ቢቀያየርም የዚህ አገር ሰው ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት መዝናኛ አይደለም። ዛሬም የሰማይ ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ወደ ቤት የሚጠሩ እናቶች አሉ። ስለዚህ ልጄ፣ በዚህ ሰማይ ሥር ሸራ ይዞ ከገደል መነሳት የአንድ ሰው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሕጋዊ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ነዋሪዎች ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ከትሪኒዳድ የተወለደው፣ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ «ጥቁሩ ንስር» ተብሎ የታወቀው ሁበርት ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1930 ኢትዮጵያ መጣ። በንጉሡ ፊት ከአውሮፕላን በፓራሹት ዘለለ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ እሱም የኮሎኔልነት ማዕረግና ዜግነት ተሰጠው። ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዝግጅት ሲደረግ ግን፣ ንጉሡ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አስነስቶ ባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ግን ከጥቅም ውጭ ሆነች። ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። «ሆን ብለው አበላሽተውብኝ ነው» ብሎ ተከራክሯል። እንበልና እውነቱን ነው፤ ታዲያ ከመነሳቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ቢኖርስ? ጭብጨባ ፍተሻን አይተካም። በፓራሹቱ ቀን የተጨበጨበለት ሰው በአውሮፕላኑ ቀን ወደቀ።

አሁን ከአገር ወጣ እንበል፤ የልጁ ሸራ ያለበት መንገድ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

እኛ አድዋ ላይ ባሸነፍንበት ዓመት፣ ከድሉ አምስት ወር በኋላ፣ ጀርመን አገር ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል መሐንዲስ ሞተ። በሠራቸው ክንፎች ወደ 2,000 ጊዜ ያህል ከኮረብታ ተንሳፏል። እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ ገደል የሄደ ሰው አይደለም። በርሊን አጠገብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው አፈር አስቆልሎ ልምምድ ያደረገው በዚያ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1896 ክንፉ አየር መያዝ አቆመና ከ15 ሜትር ገደማ ወደቀ። አንገቱ ተሰብሮ በማግስቱ አረፈ። ሁለት ሺህ ጊዜ የበረረ ሰው!

ሁለተኛው ሰው ለአንተ ይበልጥ ይቀርባል፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ፍራንዝ ራይሼልት ፓሪስ ውስጥ ይሠራ ነበር። አብራሪዎች ለብሰውት ሲወድቁ የሚዘረጋ ፓራሹት ሰፋ። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1912 በኤፍል ማማ ላይ ለመሞከር ፈቃድ ሲጠይቅ አሻንጉሊት እንደሚጥል ነበር የተናገረው። ማማው ላይ ሲደርስ ራሱ ለበሰው። ጓደኞቹ ለመኑት፤ አልሰማም። ከመጀመሪያው ፎቅ፣ 57 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ዘለለ። ልብሱ ተጠቀለለበት፤ ወዲያው ሞተ። ካሜራ ይቀርጸው ነበር፤ ፊልሙ እስከ ዛሬ አለ። ስፌት ስለሚችል አየርንም የሚችል መሰለው። አሻንጉሊቱን አስቀድሞ ቢጥለው ኖሮ ስህተቱን ያወቀው አሻንጉሊቱ ይሆን ነበር።

የዛሬው ፓራግላይደር አባት ዶሚና ጃልበርት የተባለ፣ ካይት የሚሠራ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለት የጨርቅ ንጣፎችን በብዙ ትንንሽ ክፍሎች አገናኝቶ፣ የፊቱን ክፍት አድርጎ ሠራው። ሲሄድ ነፋስ በፊት በኩል ይገባና ይነፋዋል፤ ጨርቁ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ዋናው ምሥጢር ይህ ነው። የአንተ ሸራ አንድ ንጣፍ ነው፤ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል እንጂ ክንፍ አይሆንም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሰኔ ወር ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ሚዩሲ በምትባል መንደር ሦስት ፓራሹተኞች፣ ቤታምፕ፣ ቦን እና ቦሶን፣ ለአውሮፕላን የሚከፍሉትን ገንዘብ ለማዳን ከተራራ እየሮጡ መነሳት ጀመሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ሦስቱም አስቀድመው ፓራሹት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ እዚያው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፓራግላይዲንግ ከሞላ ጎደል ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ፋብሪካ የሚሠራቸው ክንፎች በአውሮፓ መለኪያ ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ፤ ኤ ለጀማሪ ነው። ክንፉ ሊሸከም ከተፈቀደለት ከባዱ ክብደት ስምንት እጥፍ ኃይል ተጭኖበት ካልተበጠሰ ነው የሚያልፈው። ገመዶቹ እንደ ክር ቀጫጭን ናቸው፤ ግን የእያንዳንዳቸው ርዝመት በልኩ ነው። አንዱ ትንሽ ቢረዝም ክንፉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሲባጎ በውሃ ርዝመቱ ይለወጣል፣ በፀሐይ ይበላሻል፤ ይህን ከኔ ይልቅ አባትህ ያውቃሉ፤ በሬ ያሰሩበታል።

ሠልጥነው የሚበሩ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት የሚያደርጉትን ልንገርህ። መጀመሪያ ሸራ አያወጡም፤ ቆመው ነፋሱን ያያሉ። ከፊት ነው የሚመጣው? ይበረታል ይረግባል ወይስ እኩል ነው? ከኋላ ከሆነ ወይም ከተንጣጣ ዕቃቸውን ሳይፈቱ ይመለሳሉ። ቀጥሎ ክንፉን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ዘርግተው ገመዶቹን አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ድንጋይ ወይም እሾህ የያዘው እንዳይኖር። ሄልሜት ያደርጋሉ። መታጠቂያውን ሲያስሩ ከእግር ይጀምራሉ፤ የእግር ማሰሪያ ረስቶ የተነሳ ሰው አየር ላይ ከመቀመጫው ሾልኮ ሊወድቅ ይችላልና። የመጠባበቂያ ፓራሹቱን መያዣ በእጃቸው ይነካሉ። ሰማዩንና ማረፊያውን እንደገና ያያሉ። ክንፉን ከራሳቸው በላይ ካነሱ በኋላም ቀና ብለው አይተው፣ ሙሉ በሙሉ ካልተነፋ ሩጫውን ያቆማሉ። ጀማሪ ደግሞ ቀናትን ሙሉ ሜዳ ላይ ክንፉን እያነሳ እያወረደ ነው የሚውለው፤ እግሩ መሬት ሳይለቅ።

በዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት፤ ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በደብረ ታቦር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፉ አንድ ዓይነት ሰው ለመሸከም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከመቶ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስትነሳም ስታርፍም በፍጥነት ትሮጣለህ ማለት ነው። በበጋ እኩለ ቀን መሬቱ ሲግል ሞቃት አየር እየተነቀለ ይወጣል፤ አውድማ ላይ ገለባ እያሽከረከረ የሚያነሳውን አውሎ ነፋስ ሁላችንም አይተናል። እሱ ክንፍህን ቢያገኘው አጣጥፎ ይጥለዋል።

ክረምቱማ አይነሳ። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2007 አውስትራሊያ ውስጥ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የምትባል ልምድ ያላት ፓራግላይደር አብራሪ ነጎድጓድ ደመና ውስጥ ገባች። ደመናው ወደ ላይ ጎትቶ 9,946 ሜትር አደረሳት፤ ከኤቨረስት ተራራ በላይ ማለት ነው። ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና፣ በተአምር ተርፋ ወረደች። በዚያው ቀን እዚያው ደመና ውስጥ የገባ ቻይናዊ አብራሪ ግን ሞቷል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በጣና በኩል የሚጠቁረውን ሰማይ የምታውቅ የዴራ ልጅ ይህን ለማመን አትቸገርም።

እንግዲህ ልጄ፣ የቀረው ግማሽ ታሪክ ይህ ነው። ሊሊየንታልም ራይሼልትም ፈሪ አልነበሩም። ከነሱ በኋላ የመጡት የበለጡት በድፍረት አይደለም፤ የሞቱት ሰዎች ያሳዩአቸውን ስህተት አንድ በአንድ መዝግበው፣ ከመነሳታቸው በፊት ስለሚፈትሹ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳልነግርህ ቀርቻለሁ፤ ይቅርታ።

የገመድ መግዣ አልልክልህም። ሸራውን እናትህ ለአውድማ ያድርጉት፤ ጤፍ ይሰጣበት። ሕጋዊ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ካገኘህ ግን ለምዝገባው የአቅሜን አዋጣለሁ፤ ይህን በሕዝብ ፊት ጽፌልሃለሁ፤ እንዳልክድ።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ አስቀድሜ ደወልኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ እኮ፤ ቅዳሜ ሊያዩኝ ነው» አለኝ። አሳዘነኝ። ራይሼልትንም የገደለው አንዱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀው ነበር። «ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፤ ለጓደኞችህ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ አንበሳሜ ነኝ። እዚያ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ብቅ በሉ፤ ቡና እንጠጣለን። ውጭ አገር ሆናችሁ በፓራግላይደር የሠለጠናችሁ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ይህ ልጅ ከቪዲዮ ሳይሆን ከሰው እንዲማር እፈልጋለሁ።

ቸር ያገናኘን።